የገብረ አምላክ ፓስፖርት

ሟቹ ተገንዞ ነበር። ኢንስፔክተር እስከዳርን ያስፈራት ይኸው ነው።

በአሥራ አንድ ዓመት የፖሊስነት ዘመኗ በጥይት የተመታ አይታለች፣ በጩቤ የተወጋ አይታለች፣ ገደል የገባም ከዋግ ሸለቆዎች አስወጥታለች። ገዳይ ግን ገድሎ ይሸሻል እንጂ ቁጭ ብሎ የሟቹን ዓይን አይከድንም። የዚህ ሰው ዓይኖች ተከድነዋል። የእጆቹ አውራ ጣቶች በነጭ ክር አንድ ላይ ታስረዋል፤ ካልሲው ወልቆ የእግሮቹም እንዲሁ። አንገቱን የዞረው የገመድ ሰንበር ባይኖር ኖሮ ዘመድ ከብቦት፣ ካህን ጸልዮለት የሞተ ሰው ይመስል ነበር።

«ቄስ ነው እንዴ የገደለው?» አለ ሳጅን እንግዳው ከበሩ ላይ ቆሞ። ለቀልድ ያላት ነበረች፤ እሱ ግን ከበሩ አላለፈም።

የአልጋ ቤቱ ባለቤት ዝናሽ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ነበር። እስከዳር አጠገቧ ተቀመጠች።

«መቼ ነው የመጣው?»

«ማክሰኞ፣ እህቴ። ጸጥ ያለ ሰው ነው። ግን ሌላ እንግዳ የሚጠይቀውን አይጠይቅም። መናኸሪያው የት ነው አይል፣ ምግብ የት ጥሩ ነው አይል። ‹የዚህ አጥቢያ ታቦት መቼ ነው የሚነግሠው? ገበያው የሚቆመው በምን ቀን ነው? ትምህርት ቤቱ ድሮ አጥሩ ምን ነበር?› እያለ ደብተር ላይ ይጽፋል። ጠዋት ጠዋት እንደ ተማሪ ሲሸመድደው በግድግዳው እሰማው ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬማ ሰፈሩ ሁሉ ቀብር ወጣ። እኔም በስድስት ሰዓት ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ምን ልበልሽ፣ የተኛ መስሎኝ ነበር።»

ከስድስት እስከ ዘጠኝ። ሰፈሩ ባዶ፣ ምስክር የለም። እስከዳር ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ የሽምብራ ቆሎ ነበር። የቁራጩን አረንጓዴ ጥለት የት እንዳየችው ልታስታውስ ስትል ሳጅን እንግዳው ጠራት፤ ነገሩን ተወችው።

ሳጅኑ የሟቹን ጃኬት ገበር ቀድዶ ፓስፖርት አውጥቷል። ፎቶው የሟቹ ነው። የትውልድ ቦታ እዚሁ ሰቆጣ ይላል። ስሙን አንዴ አነበበችው፤ ደገመችው።

ገብረ አምላክ አሥራተ ማርያም።

«ያውቁታል እንዴ፣ ኢንስፔክተር?»

«አላውቀውም» አለች። ሰውየውን አለማወቋ እውነት ነው። ስሙ ግን የወንድሟ ነበር።

ወንድሟ በሰው ዘንድ አስማረ ነው የሚባለው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ፍየል ሊከትብ ወደ አበርገሌ ወረደ፤ አልተመለሰም። ሬሳውን ያየ የለም፤ በሕይወት አለ የሚልም የለም። ገብረ አምላክ የክርስትና ስሙ ነው፤ አሥራተ ማርያም ደግሞ የሞቱት አባታቸው የክርስትና ስም። የልደት ቀኑም የአስማረ ነው፤ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሳ አስልታዋለች።

የክርስትና ስም በዚህ አገር እንደ ዋዛ ለሰው አይነገርም። ጠላት ያስደግምበታል፣ ደብተራ ይተበትብበታል ይባላል። ሰው በዚያ ስም የሚጠራው ሲቆርብና ሲሞት ነው። የአስማረን ስም የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እናቷ፣ እሷ፣ የቤተሰቡ የንስሐ አባት ቄስ ኪዳኑ። ታዲያ ይህ አንገቱን ታንቆ የተኛ ባዕድ ከየት አገኘው? ይልቁንስ የሰጠው ሰው አስማረ እንደማይመለስ በምን አወቀ?

ለአለቆቿ ብትናገር ከምርመራው ያስወጧታል። ነገሩም እናቷ ጆሮ ይደርሳል። ዝም አለች።

በዚያ ምሽት እቤት ስትገባ የበሩ መወርወሪያ እንደ ወትሮው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እናቷ ወይዘሮ ጥሩሐረግ አስማረ ከጠፋ ጀምሮ በሩን ወርውራ አታውቅም። ደክሞት መጥቶ ቢያንኳኳ እንዳይጉላላ ነው፤ ባትናገረውም እስከዳር ታውቀዋለች። ስለዚህ ማታ ኋላ የምትተኛዋ እስከዳር ብትሆንም መወርወሪያውን አትነካም። በሩን መዝጋት ለእናትየዋ «ልጅሽ ሞቷል» ብሎ እንደ መንገር ነው።

ዛሬ ግን ከተማው ውስጥ ሬሳ የሚገንዝ ገዳይ አለ። እስከዳር መወርወሪያውን ጨበጠች። እናቷ ከመደቡ ላይ ቀና ብላ አየቻት። ለቀቀችው።

ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። አሻራውን የላከችለት ኮማንደር ሰላምታ እንኳ አላስረዘመም።

«የላክሽው አሻራ ተገኝቷል። ሰውየው መናኸሪያ ላይ ቦምብ አፈንድቶ አሥራ አራት ሰው የጨረሰ ነው፤ ሁለት ዓመት ስንፈልገው ነበር። በዚያ ፓስፖርት ሰኞ በአውሮፕላን ሊወጣ ቦታ ይዟል።»

«እዚህ ምን ይሠራ ነበር?»

«ትውልዱን እያጠና ነዋ! ኬላ ላይ ስለ አገሩ ቢጠየቅ እንዳይደናገር። አሁን የምነግርሽ ግን ከዚህ ይብሳል። ከእናንተ በተላከ የልደት ማስረጃ ፓስፖርት አውጥተው የሄዱ ሌሎች ስድስት ሰዎች አሉ። ስማቸው በቀበሌያችሁ የነዋሪ መዝገብ ውስጥ የለም። እነማን እንደሆኑ አናውቅም፤ የት እንዳሉም አናውቅም። እስኪጣራ ከዚያ የሚመጣ ማስረጃ ሁሉ እንዲቆም ታዟል።»

ስልኩን ዘጋች። ስድስት ሰው የሌላ ሰው ስም ለብሶ ዓለም ላይ ተበትኗል። ምን ሊያደርጉ እንደሄዱ እግዜር ይወቀው።

የልደት ማስረጃ የሚሰጠው የቀበሌው መዝጋቢ ሀይሉ ነው። ሳጅን እንግዳው ከመናኸሪያ ይዞት መጣ፤ ገና ከአውቶቡስ መውረዱ ነው። እስከዳር ነገሩን አስረዳችው።

«ሰባቱንም አንተ ነህ የፈረምከው።»

«ነኝ፣ ኢንስፔክተር። አልክድም።»

«ሰዎቹን አይተሃቸዋል?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ እስከዳር ጠበቀችው።

«አላየሁም። ወኪል ነው የመጣልኝ፤ ከከተማ የመጣ ደላላ። ግን ከቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ምስክር ወረቀት ነበራቸው፤ ማኅተሙ እውነተኛ፣ የቄስ ኪዳኑ ፊርማ እውነተኛ። ቤተ ክርስቲያን አጥምቄዋለሁ ያለችውን ሰው እኔ ማን ነኝና አልተወለደም የምለው?»

«ትናንት በስድስት ሰዓት የት ነበርክ?»

«ፃግብጂ ወረዳ። ሦስት ቀን ምዝገባ ላይ ነበርኩ። አስተዳዳሪውን ጠይቂ፤ ያደርኩበትን ቤት ጠይቂ።»

ተጠየቀ፤ እውነት ሆነ። ከቢሮው ደጃፍ የትምህርት ዕድል አግኝታ ፓስፖርቷ የታገደባት ልጅ አባት «የኛ ጥፋት ምንድን ነው?» እያለ ይጮህ ነበር።

«የታሰረ ጣት፣ የቄስ ፊርማ» አለ እንግዳው መንገድ ላይ። «ነገሩ ሁሉ ወደ ቄስ ኪዳኑ ነው የሚጎትተን።»

«ቄስ ኪዳኑ ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ጎልማሳ አንቀው ይገድላሉ?»

«እሺ፣ ማን ነው ታዲያ?»

የአጥቢያው ጸሐፊ ማስተዋል በቢሮው በር ላይ ተቀበላቸው። በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ ሲናገር ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ ሰው ነው። መዝገቦቹን ሳይጠየቅ አወጣ።

«ይህ የጥምቀት ነው፤ ይህ ደግሞ በጸሎት የሚታሰቡ ሙታን የተጻፉበት። የሚፈልጉትን ይመልከቱ። በእውነቱ አባታችን ሸምግለዋል፤ ማን ምን እንዳስፈረማቸው አያዩም። ሀይሉንስ ጠይቃችሁታል?»

«ጠይቀነዋል። አንተ ትናንት የት ነበርክ?»

«ቀብር። ሁለት መቶ ሰው አይቶኛል። አባ ኪዳኑን እጃቸውን ይዤ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ መርቼ የመለስኳቸውም እኔው።»

መልሱ ቶሎ መጣ። እውነትም ነበር፤ ዝናሽም ቀብሩ ላይ አይታዋለች። እስከዳር የሙታኑን መዝገብ ገለጠች። ሰባቱም ስሞች አሉ። የመጨረሻው ገብረ አምላክ ነበር።

ስሙ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ወንድሟን በሙታን መዝገብ ያስገባው ማን ነው? ማስተዋል ፊቷን እያየ መሆኑን ስታውቅ መዝገቡን ዘጋች።

«ሰባቱም ስሞች የሞቱ ሰዎች ናቸው» አለችው ለእንግዳው ከግቢው ሲወጡ። «የጥምቀቱ መዝገብ ማን መቼ እንደተወለደ ለጸሐፊው ይነግረዋል። የመታሰቢያው ደግሞ ማን እንደሞተ። በክርስትና ስማቸው ወረቀት ቢያወጣላቸው ጎረቤት እንኳ አያውቃቸውም፤ ሙት ደግሞ ስሜን መልስ አይልም።»

«ስለዚህ ማስተዋል ነው ባይ ነዎት? ሁለት መቶ ሰው አይቶታልኮ።»

«እሱን ነው የማላውቀው። አንተ እዚህ ቆይተህ ከዓይንህ አታርቀው። እኔ ቄስ ኪዳኑ ጋ ልሂድ።»

ቄስ ኪዳኑ ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እርምጃዋን ሰምተው መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ተሳልማ ከእግራቸው ሥር ቁጭ አለች።

«አባቴ፣ ፊርማዎ ሰባት ወረቀት ላይ ተገኝቷል።»

«ጣቴን ያስቀምጡልኛል፤ እፈርማለሁ። እጄ የእኔ ነው፤ ዓይኑ የማስተዋል ነው» አሉ። ቆየት ብለው «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» ብለው ጨመሩ።

«ትናንት ቀብር ሲወጡ እሱ ነበር የያዘዎት?»

«እሱ ነው። ጠዋት የሚቀበረውን ሰው የገነዘውም እሱ። ከደረስን በኋላ ጧፍ ረሳሁ ብሎ ተመለሰ። ፍትሐቱን ያለ እሱ ጨረስን። አፈር ሲመለስ መጥቶ ክንዴን ያዘ። ልጄ፣ ዓይን ባይኖረኝ እጅ አውቃለሁ። ሲሄድ የደረቀ እጅ፣ ሲመለስ በላብ ርሶ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታመምክ ወይ ብለው፣ ሮጬ ነው አለኝ።»

ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ዝናሽ አልጋ ቤት በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ከጠዋቱ የተረፈው የመገነዣ ክር ኪሱ ውስጥ ነበር። ገድሎ ሊወጣ ሲል ግን እጁ የለመደውን ሠራ፤ በዲያቆንነቱ የተማረውን፣ ሰው ሲሞት ያለዚያ የማይተወውን።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ገብረ አምላክን በሙታን ያስጻፈው ማን ነው?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። «እሱን እኔ አልነግርሽም። ምስጢር ሆኖ አይደለም፤ ሊነግርሽ የሚገባ ሰው ስላለ ነው። ትናንት ጠዋት እናትሽም ስለዚሁ ስም መጥታ ነበር።»

«እናቴ?»

«‹ሐሙስ ዕለት አንድ መንገደኛ ውሃ አጠጡኝ ብሎ ቤቴ ገባ፤ ስሜ ገብረ አምላክ ነው አለኝ፣ የአሥራተ ማርያም ልጅ ነኝ አለኝ› ብላ፣ ‹ስሙን ከእርስዎ በቀር ማን ያውቃል› ብላ ተንቀጠቀጠችብኝ።»

የቆሎው ቋጠሮ ትዝ አላት። አረንጓዴው ጥለት የእናቷ ያረጀ ነጠላ ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል፤ ቤቷ የነበረውን ምስክር ትታ ከተማውን ስታስስ ውላለች።

«እናቴ ይህን ስትነግርዎ አጠገብዎ ማን ነበር?»

«ማስተዋል ብቻ» አሉ ቄሱ። ከዚያ የተናገሩት ነገር ለራሳቸውም ገባቸውና እጃቸው መስቀሉ ላይ ደረቀ።

ስልኳ ጮኸ። እንግዳው ነበር። «ኢንስፔክተር፣ በኋላ በር ወጥቷል! የት እንደገባ አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። እናቴ ቤት ና!»

ፈሪ ለእናቱ ይላሉ። እስከዳር ዳገቱን ስትሮጥ ለራሷ አልፈራችም። ስልክ ደወለች፤ አይነሳም። ደገመች፤ አይነሳም። ዓይኗ ላይ ያለው አንድ ነገር ነበር፤ ሦስት ዓመት ያልተዘጋ በር። ማንም ገፍቶ ይገባል። ልትዘጋው ጨብጣው ነበር፤ ለቀቀችው።

በሩ ገርበብ ብሏል። ሽጉጧን አወጣችና በትከሻዋ ገፋችው።

እናቷ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ማስተዋል ከበስተኋላዋ ቆሞ ጋቢዋን በትከሻዋ ላይ ያስተካክልላታል። በቀኝ እጁ ከጋቢው ሥር የያዘው አይታይም።

«እንኳን መጣሽ» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «እማማን ልጠይቅ ገብቼ ነው።»

«እጅህን አሳየኝ።»

«በርዷቸው…»

«እጅህን!»

እናቷ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ በአገሬው ቋንቋ በኽምጥኛ፣ ወደ ኋላዋ ሳትዞር፣ በእርጋታ ተናገረች፤ ገመድ አለው፣ አንቺ ብቻ አትቅረቢ። ማስተዋልም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ቋንቋውን ያውቃል። እንዳወቀችበት ሲገባው ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋነት ሁሉ ረገፈ።

«ጧፉን አገኘኸው?» አለች እስከዳር። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ትናንት ጧፍ ልታመጣ ተመልሰህ ነበር። ጧፉ የት አለ?»

ቀኝ እጁ ከጋቢው ሥር አልወጣም።

«ክሩስ? ጠዋት ከገነዝከው ሟች የተረፈህ ክር ነው። ለምን አሰርክለት? እንደወደቀ ብትተወው ማንም ወደ ቤተ ክርስቲያን አይመጣም ነበር።»

ማስተዋል ዓይኑን ጨፈነ። «ተጋድሞ አየሁታ» አለ። «ማንም የሌለው ሬሳ። እንደ ውሻ ልተወው አልቻልኩም። እጄ ነው የሠራው።»

«ምን አደረገህ?»

«ሰው ቤት አትግባ ብዬዋለሁ! ገበያውን እይ፣ ቤተ ክርስቲያኑን እይ፣ ሂድ ነው ያልኩት። እሱ ግን እናቴን ልያት ብሎ እዚህ ገባ። እማማ ቢሮ ድረስ መጡ። ብነግረው ሳቀብኝ፤ ‹እናትየዋን ዝም አሰኛታለሁ› አለኝ። ቦምብ ያፈነዳ መሆኑን አላውቅም ነበር፣ በሥላሴ ስም! ደላላው ለስደተኛ ነው ያለኝ። ሙታን ስም ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ነው። ምን ይጎዳሉ ብዬ…»

«ታዲያ አንተ ለምን መጣህ?» አለች እናቷ። እስከዳር ከገባች ጀምሮ በአማርኛ የተናገረችው የመጀመሪያው ነበር። «ዝም ልታሰኘኝ አይደል?»

ገመዱ ከጋቢው ሥር ወለሉ ላይ ወደቀ። ሳጅን እንግዳው በዚያች ቅጽበት እያለከለከ ገባና እጁን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ማስተዋል አልታገለም። ሲወጣ እንደ ቤተ ክርስቲያን በር መቃኑን በግንባሩ ተሳለመ፤ ልማዱ ነው።

ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። እስከዳር ሽጉጧን ማስቀመጥ አቅቷት ቆየች።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እማ? ሰውየው ሐሙስ እዚህ ገብቶ!»

«የልጄን ስም ይዞ መጣ። በቋንቋችን ከየት ነህ ልጄ ብለው አልሰማኝም፤ ያኔ ፈራሁ። ግን ያንን ስም የያዘ ሰው በባዶ እጁ አይወጣም ብዬ ቆሎ ቋጠርኩለት።»

«ስሙ የሙታን መዝገብ ላይ ነበር። ማን አስጻፈው?»

እናቷ የጋቢዋን ጫፍ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ ቆየች።

«እኔ።»

እስከዳር መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«ሁለት ዓመት ሆነው። ከአበርገሌ የመጣ ሰው ነገረኝ። ተከዜ ዳር በእጁ ቀብሮታል፤ የክትባት ቦርሳውን አብሮ። አባ ኪዳኑ ዘንድ ሄጄ በክርስትና ስሙ አስጻፍኩት። በጸሎት ቢጠራም ከአንቺ በቀር የሚያውቀው የለም፤ አንቺ ደግሞ ሥራ ላይ ነሽ አልኩ።»

«ሁለት ዓመት! እኔ ፎቶውን ይዤ በየኬላው ስዞር!»

«ለዚያ ነዋ! ስትፈልጊው እህል ትበያለሽ። ቁርጡን ብነግርሽ ትወድቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ሁለት ልጅ አልቀብርም አልኩ።»

«በሩንስ? በሩን ለማን ነው ክፍት የተውሽው?»

«ላንቺ» አለች እናቷ። «ማታ ስትገቢ መጀመሪያ የምታዪው መወርወሪያውን ነው። ተዘግቶ ብታገኚው ታውቂ ነበር።»

እስከዳር ልትናገር አፏን ከፈተች። ሦስት ዓመት በሩን ሳትዘጋ፣ ድምፅ በሰማች ቁጥር እየባነነች የተኛችው ለእናቷ ብላ ነበር። አልተናገረችውም። ምናልባት እናቷም ታውቅላት ነበር፤ እንባዋ ቀድሞ መጣ።

ወይዘሮ ጥሩሐረግ ተነሣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ወደ ደጁ ወጣች። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ በጉሮሮዋ ይዛ የኖረችውን ስም፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ስም፣ በሙሉ ድምፅዋ ጠራች።

«አስማረ! አስማረዬ! ልጄን ወይ!»

ጎረቤት በየበሩ ብቅ አለ። መጀመሪያ ዝናሽ መጣች፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ግቢው ሞላ። ቄስ ኪዳኑን ሰው እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። እስከዳር ደረቷን እየደቃች መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ማንም ኢንስፔክተር ብሎ የጠራት አልነበረም።

አመሻሽ ላይ ኮማንደሩ ደወለ። ስድስቱ ሙታን እነማን እንደነበሩ ሰኞ ትነግረዋለች፤ ለዚያ ስድስት ቤት ማንኳኳት፣ ለስድስት እናቶች የልጃችሁ ስም በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ባሕር ማዶ ይኖራል ማለት አለባት። ስሞቹን የለበሱት የት እንዳሉ እስካሁን ያወቀ የለም።

አልቃሹ ሲበተን መወርወሪያውን ከግድግዳው አነሣችው። ሦስት ዓመት ስላልተነካ እንጨቱ አብጦ ቀለበቱ ውስጥ አልገባ አላት። እናቷ መጣችና ከጎኗ ቆመች። ሁለቱ አብረው ገፉት።